ቀንድ አውጣን ማን ይቆጣጠር? ከእንዶድ ምርምር የሚገኝ ትምህርት

ዝናብን ብቻ ጠብቆ የሚያርስ አርሶ አደር በዓመት አንድ ጊዜ ያመርታል። የመስኖ ውሃ ማሳው የደረሰለት ግን ክረምቱ ካለፈ በኋላም ስንዴውን፣ ሽንኩርቱን፣ ድንቹንና ቲማቲሙን እያፈራረቀ ሁለትና ሦስት ጊዜ ምርት ያነሳል። በዚህም ምክንያት ግድብ መገደብ፣ ቦይ መቅደድና የውሃ ማጠራቀሚያ ኩሬ መቆፈር የየወረዳው የልማት ዕቅድ ዋነኛ ክፍል ሆኗል።

ይሁንና ውሃው ብቻውን አይመጣም። ቦዩ ውስጥ ሣር ሲበቅል፣ ውሃው ሲረጋና ዳር ዳሩ ጭቃ ሲሆን ቀንድ አውጣ ይሰፍርበታል። ይህ ትንሽ ፍጥረት ከብት አይነክስም፤ ሰውም አያሳድድም። ነገር ግን ቢልሃርዝያን ወደ ሰው፣ የጉበት ትልን ደግሞ ወደ ከብት፣ ወደ በግና ወደ ፍየል የሚያሻግር ድልድይ ነው። ድልድዩ ባለበት ቦታ መስኖው ያስገኘው ገቢ በከፊል ለሕክምና ይወጣል፤ ወይም ቄራ ላይ በሚጣል ጉበት፣ በሚቀንስ ወተትና ከትምህርት በሚቀር ልጅ ይባክናል።

ችግሩ የሚጀምረው “ቀንድ አውጣን መቆጣጠር የማን ሥራ ነው?” ተብሎ ሲጠየቅ ነው። ቦዩ የመስኖ ባለሙያው ነው። የታመመው ከብት የእንስሳት ሐኪሙ ነው። የታመመው ልጅ የጤና ጣቢያው ነው። ልጁን ታቅፋ የምትውለው እናት ደግሞ የማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቱ ጉዳይ ናት። ቀንድ አውጣው ግን በእነዚህ ሁሉ መካከል ያለ ባለቤት ይቀራል። በኢትዮጵያ ተመራማሪዎች የተጀመረውና ዓለም አቀፍ ዕውቅና ያገኘው የእንዶድ ምርምር ይህንኑ ክፍተት በግልጽ ያሳየ ሥራ በመሆኑ ዛሬም ለወረዳ ባለሙያና ለአርሶ አደሩ የሚሰጠው ትምህርት አለ።

ሁለት በሽታ፣ አንድ መንገድ

ቢልሃርዝያና የጉበት ትል የማይገናኙ በሽታዎች ይመስላሉ። የሚተላለፉበት መንገድ ግን ተመሳሳይ ነው። በቢልሃርዝያ የተያዘ ሰው ሜዳ ላይ ሲፀዳዳ የትሉ እንቁላል በጎርፍ ታጥቦ ወንዝና ቦይ ውስጥ ይገባል። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ በአንድ ቀን ገደማ ጊዜ ውስጥ ተስማሚ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ግን ገላው ውስጥ ገብቶ ለሳምንታት ይራባል። ከአንድ እጭ በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ ጅራት ያላቸው እጮች ይወጣሉ። እነዚህም ልብስ የምታጥብ እናት፣ የሚዋኝ ልጅ ወይም ቦይ የሚጠርግ አርሶ አደር ውሃ ውስጥ ሲገቡ ቆዳቸውን በስተው ወደ ደም ይዘልቃሉ።

የጉበት ትልም እንዲሁ ነው። የታመመው ከብት በፋንድያው የሚያወጣው እንቁላል ረግረግ ውስጥ ይፈለፈላል፤ እጩም ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ልዩነቱ መጨረሻው ላይ ነው። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው የጉበት ትል እጭ ቆዳ አይበሳም፤ በውሃ ዳር ሣር ላይ ተጣብቆ ጠንካራ ሽፋን ያበጃል። ከብቱ ሣሩን ሲግጥ እጩ ወደ ሆዱ ገብቶ ከአንጀት ወደ ጉበት ይሻገራል፤ ጉበቱን እየቦረቦረም ያድጋል። ከብቱ ይከሳል፤ የዓይኑ ውስጠኛ ቆዳ ይነጣል፤ ወተቱ ይቀንሳል፤ አንዳንዴም ከመንጋጋው ሥር ውሃ የቋጠረ እብጠት ይታያል። በጎች ላይ በአንድ ጊዜ ብዙ እጭ ከገባ ምልክት ሳያሳዩ በድንገት ሊሞቱ ይችላሉ።

ቀንድ አውጣዎቹም እንደየዝርያቸው የሚኖሩበት ቦታ ይለያያል። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ጠፍጣፋ ጥቅልል ዛጎል ያለው ሲሆን ቀስ ብሎ በሚፈስና ሣር በበዛበት ውሃ ውስጥ ይኖራል። በደጋው የጉበት ትልን የሚያስተላልፈው ግን ትንሽና ሾጣጣ ሆኖ ከውሃው ይልቅ የውሃውን ዳር ጭቃ ይመርጣል። በቆላው ሌላ ዓይነት የጉበት ትልን የሚያስተላልፈው ዘመዱ ዓመቱን ሙሉ በማይደርቅ ውሃ ውስጥ ይገኛል። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች የደጋው የጉበት ትል ከባሕር ወለል በላይ ከ1800 ሜትር በሚበልጥ ቦታ፣ የቆላው ከ1200 ሜትር በታች፣ በመካከሉ ደግሞ ሁለቱም ተቀላቅለው እንደሚገኙ ያመለክታሉ።

በጣና ዙሪያ ያሉት የፎገራና የደንቢያ ሜዳዎች ክረምት ላይ በውሃ ተሞልተው በጋ ላይ ለምለም ግጦሽ የሚሰጡ ናቸው። ያው ለምለም ሣር ግን ለጉበት ትል የተመቸ ነው። ቢልሃርዝያ ደግሞ በጣና ዳርቻ ባሉ አካባቢዎች፣ በሳንጃና በከሚሴ ተደጋግሞ ጥናት የተደረገበት በሽታ ነው። ሁለቱም በሽታዎች በአንድ ቀበሌ፣ አልፎ ተርፎም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ።

የአድዋው ወንዝ

እ.ኤ.አ በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉ ወጣት ተመራማሪ የቢልሃርዝያን ስርጭት ለማጥናት ወደ አድዋ አቀኑ። ወንዙን ሲመለከቱ አንድ ነገር ትኩረታቸውን ሳበው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ቦታ በብዛት ይታዩ ነበር። ከልብስ ማጠቢያው በላይ ያሉት ግን በሕይወት አሉ። ተመራማሪው በሕይወት ያሉትን ወስደው የእንዶድ አረፋ ባለበት ውሃ ውስጥ ሲከቷቸው እነርሱም ሞቱ።

እንዶድ ለአገሬው ሰው አዲስ ነገር አልነበረም። ፍሬው ደርቆና ተፈጭቶ ውሃ ሲነካው አረፋ ስለሚያወጣ ለዘመናት ነጠላና ጋቢ ሲታጠብበት ኖሯል። አዲሱ ነገር የእናቶችን የዕለት ሥራ ከበሽታ መተላለፊያ መንገድ ጋር አገናኝቶ ማየት ነበር። ግኝቱ የተገኘው ላቦራቶሪ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ሳይሆን ሰው በሚውልበት ወንዝ ዳር ቆሞ በመመልከት ነው።

ከዚህ በኋላ በቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የፓቶባዮሎጂ ተቋም ተመሠረተ፤ ይህ ተቋም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአክሊሉ ለማ ስም ተሰጥቶታል። እ.ኤ.አ ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ ከተማ ለአምስት ዓመታት በእንዶድ ቀንድ አውጣን የመቆጣጠር ሙከራ ተካሄደ። በሙከራው ማብቂያ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባሉ ሕፃናት መካከል በቢልሃርዝያ የተያዙት ድርሻ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። በሕዝቡ በአጠቃላይ ደግሞ ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ቀነሰ።

የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት ራሱ ትምህርት አለው። የቢልሃርዝያ ትል በሰው ደም ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። ስለዚህ ቀንድ አውጣውን መግደል በአዋቂ ሰው ውስጥ ቀድሞ የገባውን ትል አያወጣም። ገና ያልተያዘውን ሕፃን ግን ይጠብቃል። ቀንድ አውጣን መቆጣጠር ከሕክምና ጋር ተዳብሎ መሄድ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ኬሚስቶች በፍሬው ውስጥ ያገኙት

ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ሳፖኒን የሚባል አረፋ የሚያወጣ ንጥረ ነገር ነው። በአሜሪካ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም የሠሩ ኬሚስቶች ከእንዶድ ፍሬ ኃይለኛ የሆነውን ሳፖኒን ለይተው ሲያወጡ በዶክተር አክሊሉ ለማ ስም “ለማቶክሲን” ብለው ሰየሙት።

በኋላ በስዊዘርላንድ የተካሄደ ምርምር ደግሞ ለተግባር የሚረዳ ነገር አሳየ። በፍሬው ውስጥ ሳፖኒኑ የሚገኘው በአብዛኛው ሁለት የስኳር ሰንሰለት ተሸክሞ ነው፤ በዚህ መልኩ እያለ ቀንድ አውጣን አይገድልም። ፍሬው ተፈጭቶ ውሃ ሲነካው ግን በፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም አንዱን ሰንሰለት ይቆርጠዋል፤ መርዛማነቱ የሚነቃው ያን ጊዜ ነው። ኢንዛይሙ ሥራውን እንዳይሠራ በሚያደርግ አልኮል የተጨመቀው ፍሬ ቀንድ አውጣን ሊገድል አለመቻሉ ይህንን አረጋግጧል። እናቶች ፍሬውን አድርቀውና ወቅጠው በውሃ የሚዘፈዝፉበት የቆየ ዘዴ ኬሚስቱ ከደረሰበት ትክክለኛ አሠራር ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ።

ሁሉም እንዶድ እኩል አይደለም። ሴትና ወንድ ተክሉ የተለያየ ሲሆን የሚያፈራው ሴቴው ብቻ ነው። የዶክተር አክሊሉ ባልደረባ የሆኑት ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በአገሪቱ ልዩ ልዩ አካባቢዎች የሚገኙ የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው በማወዳደር ምርታማነቱና ኃይሉ የላቀውን መርጠዋል። ይህ “እንዶድ 44” በመባል የሚታወቀው ዓይነት በአንድ ሊትር ውሃ 10 ሚሊግራም ገደማ ዱቄት ተደርጎ ለአንድ ቀን ሲቆይ ቀንድ አውጣን ይገድላል። ቀልቶ ከበሰለው ይልቅ ያልበሰለው አረንጓዴ ፍሬ የበለጠ ኃይል እንዳለውም ተረጋግጧል። ሁለቱ ተመራማሪዎች ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ በ1989 “ራይት ላይቭሊሁድ” የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት በጋራ ተቀብለዋል።

ሽልማቱ ሲመጣ ግን ከአድዋው ግኝት 25 ዓመታት አልፈው ነበር። ዱቄቱ ውሃ ውስጥ የሚጨመር በመሆኑ ለሰው፣ ለእንስሳትና ለአካባቢ ያለው ጉዳት ዓለም አቀፍ ደረጃን በጠበቀ ላቦራቶሪ መመርመር ነበረበት። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ገንዘብና ላቦራቶሪ በአገር ውስጥ ባለመኖሩ ሥራው ለረጅም ዓመታት ተጓተተ። የአገር ውስጥ ዕውቀት ቢኖርም መመርመሪያው ከሌለ ጥቅም ላይ ለመዋል ምን ያህል እንደሚዘገይ የእንዶድ ጉዞ ያሳያል።

መድኃኒት ብቻውን ለምን አይበቃም

ዛሬ ለቢልሃርዝያ ዋነኛው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ በ2015 በተጀመረው የትምህርት ቤት ፀረ ትል መርሐ ግብርም ለተማሪዎች ይሰጣል። መድኃኒቱ ያደገውን ትል በሚገባ ይገድላል፤ ገና በሰውነት ውስጥ በማደግ ላይ ያለውን ግን እምብዛም አይነካም። ከመዋጡ ማግስት ልጁ ወደዚያው ቦይ ቢገባ እንደገና ይያዛል። ለረጅም ጊዜ ዕድሜያቸው ለትምህርት ላልደረሰ ሕፃናት የተዘጋጀ ዓይነት አልነበረም። አርፕራዚኳንቴል የተባለውና ከሦስት ወር እስከ ስድስት ዓመት ላሉ ሕፃናት የተዘጋጀው መድኃኒት የዓለም ጤና ድርጅትን ቅድመ ብቃት ያገኘው በቅርቡ እ.ኤ.አ በ2024 ነው።

በእንስሳትም በኩል ታሪኩ ይመሳሰላል። ለሰው ቢልሃርዝያ የሚሠራው ፕራዚኳንቴል ለጉበት ትል አይረዳም። በየገበያው በብዛት የሚገኘው አልበንዳዞል የጉበት ትልን የሚገድለው ትሉ ካደገ በኋላ ነው፤ ጉበት ውስጥ እየተጓዘ ያለውን ወጣት ትል ይተወዋል። ትሪክላቤንዳዞል ግን ወጣቱንም ያደገውንም ይገድላል። ይሁንና ይህ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ በብዛት ከተሠራበት አውስትራሊያ ጀምሮ በሌሎችም አገሮች ትሉ መድኃኒቱን እየተላመደው መጥቷል። መላመዱን ከሚያፋጥኑት መካከል ከሚገባው በታች መጠን መስጠት፣ የከብቱን ክብደት በግምት መወሰንና ያንኑ መድኃኒት ያለ ምርመራ ደጋግሞ መጠቀም ይገኙበታል።

ስለዚህ አርሶ አደሩ የከብቱን መድኃኒት ከመንገድ ዳር ገዝቶ ለሁለት ከብት የታሰበውን ለአራት ቢያካፍል ብሩን ቆጥቦ ይመስለዋል እንጂ ጠላቱን እያለማመደ ነው። የእንስሳት ጤና ባለሙያው የከብቱን የደረት ዙሪያ በሜትር ለክቶ ክብደቱን መገመቱ፣ ዓይነቱንም መምረጡ ለዚህ ነው። መድኃኒቱ የሚሰጥበት ጊዜም ወሳኝ ነው። ክረምቱ አልቆ እጩ ከሣር ወደ ከብቱ ከተሻገረ በኋላና ዝናብ ከመግባቱ በፊት ከብቱን ማከም በግጦሹ ላይ የሚወድቀውን እንቁላል ይቀንሳል። መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ ወተቱና ሥጋው ለምን ያህል ቀን መቆየት እንዳለበትም ባለሙያው ይናገራል።

የመሐንዲሱ ድርሻ

ቀንድ አውጣ የሚወድደውና የማይወድደው የውሃ ዓይነት አለ። በሰከንድ ከ0.3 ሜትር በላይ በሚፈስ ውሃ ውስጥ ተጣብቆ መቆየት ያስቸግረዋል። በሲሚንቶ የተለበጠ፣ ሣር የሌለውና አልፎ አልፎ የሚደርቅ ቦይም አይስማማውም። በተቃራኒው ውሃው የሚተኛበት፣ ፊላና ደንገል የበቀለበት፣ ከቦይ መዝጊያው ሥር እየፈሰሰ ረግረግ የሚሠራ ቦታ ምቹ መኖሪያው ነው። በጣና ላይ ችግር የፈጠረው እምቦጭ ዓይነት አረምም ለቀንድ አውጣ ጥላና ምግብ ይሆናል።

ይህ ማለት የበሽታው መጠን በከፊል የሚወሰነው ገና ንድፉ ሲሠራ ነው ማለት ነው። በሜጫ አካባቢ 7000 ሄክታር ገደማ እንዲያለማ ታስቦ የተገነባውን የቆጋ መስኖ ዓይነት ሰፊ ፕሮጀክት ብንወስድ የግድቡ ሐይቅ፣ የሌሊት ውሃ ማጠራቀሚያ ኩሬዎቹ፣ ዋናው ቦይና በየማሳው የሚገቡት ትንንሽ ቦዮች እያንዳንዳቸው ለቀንድ አውጣ የተለያየ መኖሪያ ናቸው። ዋናው ቦይ በፍጥነት ይፈስ ይሆናል፤ የሌሊት ኩሬው ግን ውሃውን ያረጋዋል። ከዚያም በላይ ትልቅ ቦይ በቅርብ በሌለበት ቦታ ሰው ገላውን የሚታጠበውና ከብቱን የሚያጠጣው እዚያው ኩሬ ላይ ነው። በወንጂና በፊንጫ የስኳር ልማት አካባቢዎች ከመስኖ ጋር የተያያዘ ቢልሃርዝያ ለዓመታት ሲጠና መቆየቱ ጉዳዩ ለአገራችን አዲስ አለመሆኑን ያሳያል።

ንድፍ ላይ ሊታሰቡ የሚገባቸው ነገሮች ውድ አይደሉም። ሰው በሚያዘወትርበት በኩል ቦዩን በቱቦ ማሳለፍ፣ ከቦዩ ወጣ ያለ የልብስ ማጠቢያ ሰሌዳ መሥራት፣ ለከብት የተለየ ገንዳ ማዘጋጀት፣ ቦዩን የሚሻገሩበት ድልድይ ማድረግና ትርፍ ውሃው ረግረግ ሳይሠራ የሚወጣበትን ማፋሰሻ መጠበቅ ይገኙበታል። በደጋው የጉበት ትልን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ በጭቃ ላይ የሚኖር በመሆኑ በውሃ ውስጥ የሚጨመር እንዶድም ሆነ ሌላ ኬሚካል በቀላሉ አይደርስበትም፤ ለእርሱ ማፋሰሻው ከመርዝ ይልቅ ይበረታበታል።

በሽታው ቤት ውስጥ

የቢልሃርዝያ ጉዳት በአንድ ቀን አይታይም። ሆድ ቁርጠት፣ ደም የተቀላቀለ ተቅማጥ፣ ድካምና የደም ማነስ ይጀምራል። ለዓመታት ካልታከመ ጉበትና ጣፊያ ያብጣሉ፤ ሆድ ውሃ ይቋጥራል። እዚህ ደረጃ የደረሰ ሰው ማረስ አይችልም፤ አስታማሚ ይፈልጋል። አስታማሚው አብዛኛውን ጊዜ ሚስት ወይም ልጅ ናት። በዚህ መልኩ አንድ በሽታ ሁለት የሚሠራ ሰው ከማሳ ያስወጣል።

ውሃ መቅዳት፣ ልብስ ማጠብና ከብት መጠበቅ ደግሞ በአብዛኛው የሴቶችና የልጆች ሥራ ነው። “ውሃ ውስጥ አትግቡ” የሚል ምክር ብቻውን ፋይዳ የማይኖረው ለዚህ ነው። ልብሱ መታጠብ አለበት፤ ከብቱም መጠጣት አለበት። ምክሩ የሚሠራው ሌላ ማጠቢያ፣ ሌላ ገንዳና ሌላ መሻገሪያ ሲኖር ነው። በተመሳሳይ በመስኖ ማሳ አጠገብ መጸዳጃ ቤት ከሌለ ቀኑን ሙሉ ሲያርም የሚውል ሰው ሜዳ ላይ መፀዳዳቱ አይቀርም፤ እንቁላሉም ወደ ቦዩ ይመለሳል። የትምህርት ቤቱ መድኃኒት ደግሞ ከትምህርት ቤት ውጭ ላለ እረኛና ለቀን ሠራተኛ አይደርስም። እነዚህን ሰዎች በስም የሚያውቃቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛውና የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያው በመሆናቸው በዕቅዱ ውስጥ ቦታ ሊኖራቸው ይገባል።

በእንዶድ ላይ የሚደረግ ጥንቃቄ

እንዶድ የአገር ተክል መሆኑ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ቀንድ አውጣን የሚገድለው መጠን ዓሣንም ይገድላል። ስለዚህ ዓሣ ባለበት ሐይቅ፣ ወንዝና ኩሬ ውስጥ በዘፈቀደ መጨመር የለበትም። ዱቄቱ ዓይንን ክፉኛ ይቆጣል፤ ሲፈጭ ዓይንና አፍንጫን መሸፈን ያስፈልጋል። ለሰውም ሆነ ለከብት በአፍ መስጠት ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። በውሃ ውስጥ ቶሎ የሚበሰብስ መሆኑ ለአካባቢ መልካም ነው፤ ነገር ግን የቀንድ አውጣውን እንቁላል ስለማይገድል ሥራው መደገም አለበት። እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ራሳቸውን በራሳቸው ማራባት ስለሚችሉ አንድ እንኳ ቢተርፍ ቦዩን እንደገና ሊሞላው ይችላል። ቦታውን፣ መጠኑንና ጊዜውን የሚወስነው ባለሙያ መሆን ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ጥንቃቄ የዕውቀቱ ባለቤትነት ነው። እ.ኤ.አ በ1990 በአሜሪካ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ሙከራ እንዶድ በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች የውሃ መሥሪያ ቤቶችንና የኃይል ማመንጫዎችን ቱቦ እየደፈነ ያስቸገረውን ባለዛጎል የውሃ ፍጥረት እንደሚገድል ታየ፤ ለዚህ አጠቃቀምም በዚያው አገር የፈጠራ መብት ተመዘገበ። በወንዝ ዳር የነበረው የእናቶች ዕውቀት ባሕር ተሻግሮ የመሐንዲሶች መፍትሔ ሲሆን ከጥቅሙ ለባለቤቱ ምን ይደርሰዋል የሚለው ጥያቄ አብሮ ተነሣ። በአገራችን የጄኔቲክ ሃብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰቡ ከዕውቀቱና ከሃብቱ ተጠቃሚ የመሆን መብት እንዳለው ይደነግጋል። የዕፅዋት ናሙና ወይም የባህል ዕውቀት የሚሰበስብ አካል ወደ ቀበሌ ሲመጣ የወረዳው ኃላፊ ፈቃዱን መጠየቅ እንዳለበት ማወቅ ይገባዋል።

ከዚህ ጽሕፈት ቤት ወደዚያኛው

ለአርሶ አደሩ ዛሬውኑ የሚቻሉ ሥራዎች አሉ። ከረግረግ የታጨደን ሣር እርጥቡን ከመስጠት ይልቅ በፀሐይ በሚገባ አድርቆ ድርቆሽ ማድረግ በሣሩ ላይ የተጣበቀውን የጉበት ትል እጭ ይቀንሳል። ከብትን በገንዳ ማጠጣት፣ የኩሬውን ዳር ማጠር፣ በማሳው አጠገብ ያለውን ቦይ ሣር በየጊዜው መጥረግና ውሃውን በተራ አድርቆ ማሳደር ቀንድ አውጣውን መኖሪያ ያሳጣዋል። ቦይ የሚጠርግ ሰው ቦቲ ጫማ ቢያደርግ ራሱን ይጠብቃል። ለገላ መታጠቢያ የሚውል ውሃ ቀንድ አውጣ በሌለበት ዕቃ ውስጥ ሁለት ቀን ሙሉ ከቆየ ወይም ከፈላ የቢልሃርዝያ እጩ ይሞታል።

ለወረዳው ደግሞ የሚያስፈልገው አዲስ መሥሪያ ቤት ሳይሆን አንድ የጋራ ካርታ ነው። የእንስሳት ጤና ክሊኒኩና ቄራው ጉበት የሚጣልባቸውን ከብቶች ከየትኛው ቀበሌ እንደመጡ ይመዘግባሉ። ጤና ጣቢያው በቢልሃርዝያ የተያዙትን በየመንደራቸው ያውቃል። የመስኖ ባለሙያው የሚያፈስሰው ቦይና የተኛው ኩሬ የት እንዳለ ያውቃል። የማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቱ አስታማሚ ያጡትንና ከትምህርት የቀሩትን ልጆች ዝርዝር ይይዛል። እነዚህ አራት መዝገቦች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጉ ብዙ ጊዜ ጣታቸው ወደ አንድ ቦታ፣ ወደ አንድ ረግረግ ወይም ወደ አንድ ያልተጠረገ ኩሬ ሊያመለክት ይችላል። ያ ቦታ ከታወቀ መድኃኒቱ ለማን እንደሚቀድም፣ ሲሚንቶው የት እንደሚፈስና መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሚቆፈር መወሰን ይቀላል። የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራትም የቦይ ጠረጋ ቀናቸውን ከከብት ሕክምናውና ከትምህርት ቤቱ መድኃኒት ጋር በአንድ ወቅት ቢያደርጉ ውጤቱ ይበረታል።

“ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” እንዲሉ ቀንድ አውጣውን የሚያሸንፈው የአንድ ሙያ ብርታት አይደለም። የአድዋው ሙከራ ሕፃናቱን ለመጠበቅ የበቃው ወንዙን፣ ተክሉን፣ ኬሚካሉንና የሚታጠበውን ሰው አንድ ላይ ስላየ ነው። በመጪው የበጀት ዓመት አዲስ ቦይ የሚቆፍር ወረዳ ሁሉ ከመቆፈሩ በፊት የእንስሳት ሐኪሙን፣ የጤና ባለሙያውንና የአካባቢውን እናቶች ጠርቶ “ልብስ የት ታጥባላችሁ? ከብት የት ታጠጣላችሁ?” ብሎ ቢጠይቅ በኋላ ለመድኃኒት የሚያወጣውን ገንዘብ ከወዲሁ ያድናል።